ሪፍሌክሽን ስትጽፉ «ብዙ ተምሬያለሁ» ከማለት የተቀየረውን ዓረፍተ ነገር አሳዩ

የጽሑፍ ኮርስ የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል መምህሩ ሪፍሌክሽን አስገቡ ይላል። ጓደኞቻችሁ በድርሰታችሁ ላይ ምን አሏችሁ፣ እናንተስ ምን አደረጋችሁበት፣ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ ዛሬ ምን ተለወጠ የሚል ነው ጥያቄው። ቀላል ይመስላል። ግን ፋይናል እየደረሰ፣ የሌላው ኮርስ አሳይመንት ተደራርቦ፣ ሌሊት ዶርም ውስጥ ተቀምጦ የሚጻፍ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚያስገባው ወረቀት አንድ ዓይነት ነው። «ከዚህ ኮርስ ብዙ ተምሬያለሁ፣ ጓደኞቼ ገንቢ አስተያየት ሰጥተውኛል፣ ለወደፊቱም ራሴን አሻሽላለሁ።» ስሙን ቀይሩት፣ የማንም ይሆናል።

ይሄን መመሪያ የጻፍኩት ጅማ የምንማር ልጆችን አስቤ ነው፣ ሌላ ከተማ ላለም ይሠራል። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ይሁን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ልዩነት የለውም። የምለው አንድ ነገር ነው። ሪፍሌክሽን የሚጻፈው ከዓረፍተ ነገር ተነስቶ ነው። ይሄ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነበር፣ አንድ ሰው ሲያነበው እዚህ ጋ ቆመ፣ እኔ ይሄን ወሰንኩ፣ አሁን እንዲህ ሆኗል። ይሄን ያሳየ ሰው ስለ ለውጡ ትልልቅ ቃል መፈለግ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ማስረጃው ይኑር

ሪፍሌክሽኑ የሚጀመረው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ረቂቃችሁን አትጣሉ። ደብተር ላይ የምትጽፉ ከሆነ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ቀኑንም ጠርዙ ላይ ጻፉበት። በኮምፒውተር ከሆነ አንዱን ፋይል እየደመሰሱ መቀጠል ይቅር፤ «ረቂቅ 1»፣ «ረቂቅ 2» እያላችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ጉግል ዶክስ የድሮውን ቅጂ ራሱ ይይዛል፣ ግን ኔትዎርክ በፈለጋችሁት ሰዓት ላይገኝ ስለሚችል ፍላሽ ላይም ይኑራችሁ። በቴሌግራም የመጣ አስተያየት ካለ ለብቻው አስቀምጡት። ድምፅ ከሆነ ዋናውን ሐሳብ በሁለት መስመር ገልብጡ፣ በኋላ ያን ሁሉ ድምፅ ቁጭ ብሎ የሚሰማ የለም።

አስተያየቱን ስትመዘግቡ የሰውየውን ቃል እንዳለ ጻፉ። «መግቢያው ደካማ ነው አለኝ» ብሎ ማሳጠር ይቀላል፣ ልጁ ያለው ግን «ሦስተኛው መስመር ላይ ስለ ማን እንደምታወራ ጠፋኝ» ሊሆን ይችላል። የሚጠቅማችሁ ሁለተኛው ነው፣ ቦታውን ያሳያልና። ከጎኑ ደግሞ የዚያን ሰዓት ስሜታችሁን በአንድ ቃል አስቀምጡ፦ ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ አልገባኝም፣ ልክ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ስሜቱ ይረሳል፣ ወይም ጨዋ ጨዋ ሆኖ ይመጣል። ያኔ የምትጽፉት ሁሉ «አስተያየቱን በደስታ ተቀበልኩ» ይሆናል፣ መምህሩም አያምናችሁም።

«አሪፍ ነው፣ በርታ» ምንም አያስጽፍም

ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ጋ ነው። ይሉኝታ ይይዘናል። አብሮ የሚበላ፣ ዶርም የሚጋራ፣ ማታ ላውንጅ ሄዶ አብሮ ሻይ የሚጠጣ ልጅ የጓደኛው ድርሰት ሁለተኛው አንቀጽ ላይ እንደሚያሰለች ፊት ለፊት አይናገርም። «አሪፍ ነው፣ በርታ» ይባባሉና ወረቀቱ ይመለሳል። ክፋት የለበትም፣ ያደግንበት ነው። «ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ራሱ የጓደኛው ወረቀት እጁ ሲገባ ማስለቀሱን ይፈራዋል።

ብዙ ሰው መፍትሔው ድፍረት ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። መፍትሔው ያለው ጠያቂው እጅ ነው። «ድርሰቴ እንዴት ነው?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው «አሪፍ ነው» ከማለት ሌላ መውጫ የለውም። ስለዚህ ይሉኝታ የማይነካው ጥያቄ ጠይቁ። «እርሳስ ያዝና ስታነብ ቆም ያልክበት ቦታ ሁሉ ነጥብ አድርግልኝ።» ነጥብ ማድረግ ስድብ አይደለም፣ ማንም ያደርገዋል። ወይም «ሁለተኛው አንቀጽ ስለ ምንድን ነው? ወረቀቱን ሳታዪ በቃልሽ ንገሪኝ።» ይሄኛው በጣም ይሠራል። የነገረቻችሁ እናንተ ካሰባችሁት ሌላ ከሆነ ማንም ማንንም ሳይነቅፍ ችግሩ ታየ። ሦስተኛው ደግሞ «አንድ ዓረፍተ ነገር መቁረጥ ግዴታ ቢሆን የቱን ትቆርጣለህ?» ነው። ግዴታ ስታደርጉት ሰው ነፃ ይሆናል።

ሲያወራ ዝም በሉ። ይሄ ከባድ ነው። «እሱን እንኳን እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ብላችሁ መከላከል የጀመራችሁ ለታ ልጁ ወደ «አሪፍ ነው» ይመለሳል። እስኪጨርስ ጻፉ። ለማለት የፈለጋችሁትን ለእሱ በአፍ ማስረዳት ወረቀቱ ላይ አይገባም።

የፊደል ነገር ላይ አንድ ቃል ልበል። በአማርኛ የሚጻፍ ከሆነ «ፀሐይ» ነው «ጸሀይ»፣ «ሠራ» ነው «ሰራ» በሚል ክርክር ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፣ ሁሉም ሰው የሠራ ይመስለዋል፣ አንቀጹ ግን እንደነበረ ነው። ፊደል መታረሙን አልጠላም። መጨረሻ ላይ ይታረም። ሐሳቡ ገና ያልረጋ አንቀጽ ነገ ሙሉ በሙሉ ሊቆረጥ ይችላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው ነው፦ የዚህ አንቀጽ ኃይለ ቃል የቱ ነው? የተቀሩት ዓረፍተ ነገሮች እሱን ያግዛሉ ወይስ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ሄደዋል?

ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል አለን። አንድ ክፍል ውስጥ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በከፍኛ፣ በዳውሮኛ፣ በየምኛ፣ በወላይትኛ አፉን የፈታ ልጅ ይኖራል። በአማርኛ ስትጽፉ በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ የጎደለውን ራሱ እየሞላ ያነባል። ዓረፍተ ነገሩ ቢንሻፈፍም «ገብቶኛል» ብሎ ያልፋል። በሌላ ቋንቋ አፉን የፈታ ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ «ማን ነው የመጣው? ልጁ ነው አባቱ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ያ ጥያቄ የቋንቋ ችግር አይደለም። ዓረፍተ ነገራችሁ ባለቤቱን ደብቋል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት አንባቢ ያዙ፣ አንዱ ከዚያ አንዱ ከዚህ። አስተያየታቸው ሲለያይ ለምን እንደተለያየ መጻፍ ራሱ ጥሩ የሪፍሌክሽን አንቀጽ ይወጣዋል።

በክረምትና በቅዳሜና እሑድ ክፍል የምትማሩ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። አጠገባችሁ የተቀመጡት ሰውዬ ለዓመታት ያስተማሩ መምህር ሊሆኑ ይችላሉ። «ጋሼ፣ ይሄ አንቀጽ አልገባኝም» ማለት አፍ ላይ ይከብዳል። እንዲህ ሲባል ይቀላል፦ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሲደርስ አንባቢው ሁለት ነገር ሊያስብ ይችላል፤ እርስዎ የትኛውን አስበው ነው?» ጥያቄ ነው፣ አክብሮቱም አለ፣ ችግሩም ተነግሯል። የተገላቢጦሹ የበለጠ ያሳስበኛል። ትልቅ ሰው አስተያየት ሲሰጥ ወጣቱ እንደ ትእዛዝ ይቀበለውና የተባለውን ሁሉ ይቀይራል። ሪፍሌክሽን ስትጽፉ ይሄን ለዩት። የተቀበላችሁት ልክ ስለሆነ ነው ወይስ ተናጋሪው ስለከበዷችሁ? «ስለከበዱኝ ቀየርኩት፣ አሁን ሳነበው ግን የመጀመሪያው ይሻል ነበር» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስለ ጽሑፍ የሚያስብ ተማሪ ነው።

ተማሪ ከተማሪ መማሩ ለእኛ እንግዳ ነገርም አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርምለታል፣ የላቀው ተማሪ ደግሞ ለጀማሪው ያስጠናል። በደረሳዎች ዘንድም ቀድሞ የገባው አዲሱን ያስቀራል፣ ማለትም ያስጠናል። ሰው ፊት ሥራን አቅርቦ መታረም የቆየ ልማዳችን ነው።

አንድ አንቀጽ ይዘን እንሞክረው

ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው። ሥራው «ስለምታውቁት ነገር አንድ አንቀጽ ጻፉ» የሚል ነው እንበል። ተማሪው ከጅማ ዙሪያ የመጣ የቡና ገበሬ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ረቂቁ ይሄ ነው።

«ጅማ በቡና የታወቀች ከተማ ናት። ቡና ለሀገራችን ኢኮኖሚ ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው። በጅማ ዙሪያ ብዙ ገበሬዎች ቡና ያመርታሉ። ቡና እንግዳ መቀበያም ነው። ስለዚህ ቡናችንን ልንንከባከብ ይገባል።»

ስሕተት አለው? የለውም። ሦስት ልጆች አነበቡት። የመጀመሪያው «አሪፍ ነው፣ ‹ኢኮኖሚ› የሚለውን ‹ምጣኔ ሀብት› በለው» አለ። ሁለተኛዋ «ይሄን ሁሉ ሳላነበውም አውቀዋለሁ። የቡና ገበሬ ልጅ አይደለህ እንዴ? የት ነህ እዚህ ውስጥ?» አለች። ሦስተኛው «ሦስት ነገር ነው ያለው፦ ኢኮኖሚ፣ ገበሬ፣ እንግዳ። የቱን ነው የምትነግረኝ? የቡና አመጣጥ ታሪክም ቢጨመርበት ጥሩ ነው» አለ። ልጁ እንደገና ጻፈው።

«ኅዳር ላይ ደጃችን ያለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ባዶ ሆኖ አያውቅም። የተለቀመው ቀይ እሸት አልጋው ላይ ይሰጣል፤ ጠዋት ይገለጣል፣ ሲመሽ ወይም ሰማዩ ሲጠቁር ይሸፈናል። ካልተገላበጠ ይሻግታል። እናቴ ስታገላብጠው ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፣ ጆሮዋ ግን እጇ ላይ ነው። ጀንፈሉ ሲደርስ ፍሬው ውስጡ ይንኮሻኮሻል። ነጋዴው እፍኝ አንስቶ ከማየቱ በፊት እሷ መድረሱን ሰምታ ጨርሳለች።»

አሁን ወደ ሪፍሌክሽኑ እንምጣ። ይሄ ልጅ «የጓደኞቼ አስተያየት አንቀጼን እንዳሻሽል ረድቶኛል» ብሎ ቢያቆም እውነት ነው፣ ግን መምህሩ ምንም አላወቀም። እንዲህ ቢጽፍስ?

«የመጀመሪያው ረቂቄ አምስት ዓረፍተ ነገር ነበረው፣ አምስቱንም ማንም ሊጽፋቸው ይችል ነበር። ይሄን ያየሁት የክፍሌ ልጅ ‹የት ነህ እዚህ ውስጥ?› ስትለኝ ነው። ስሰማው ተናድጄ ነበር። ስለ ቤቴ መጻፍ ለዩኒቨርሲቲ የሚመጥን አልመሰለኝም። ሌላው አንባቢ ሦስት ሐሳብ ቆጥሮ ሲያሳየኝ ግን ሁለቱ የሚሉት አንድ ነገር መሆኑ ገባኝ፦ አልመረጥኩም። ስለዚህ የማድረቂያውን አልጋ ብቻ ያዝኩ። የቡና አመጣጥ ታሪክ እንድጨምር የተሰጠኝን ሐሳብ አልተቀበልኩም፣ ምክንያቱም አንቀጹን ማንም ወደሚያውቀው ነገር ይመልሰዋል። ‹ኢኮኖሚ› የሚለው ቃል ጥያቄ መልስ አላስፈለገውም፣ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ወጥቷል። ያልፈታሁት አለ። አንቀጹ እናቴ ላይ ያልቃል፣ ድርሰቱ ግን ስለ ማድረቅ ነበር፤ ቀጣዩ አንቀጽ ወደ የትኛው እንደሚሄድ ገና አልወሰንኩም።»

እዩት እንግዲህ። የሰው ቃል በጥቅስ አለ። ስሜቱ አለ፣ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው። ሁለት አስተያየት አንድ ላይ አገናኝቷል፣ ከሁሉ የምወድለት ይሄን ነው፤ የተለያየ የሚመስል አስተያየት ብዙ ጊዜ ከአንድ ምንጭ ነው የሚመጣው። አንዱን አስተያየት ትቷል፣ ለምን እንደተወም ተናግሯል። ያልተፈታውን አልደበቀም። አስተያየት አለመቀበል ትዕቢት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ምክንያት ያለው እምቢታ ከምክንያት የለሽ እሺታ ይበልጣል። ድርሰቱ ላይ የተጻፈው ስም የእናንተ ነውና።

ፎርሙን አትሙሉ

አንዳንድ መምህራን የትምህርት ተመራማሪው ግራሃም ጊብስ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የሪፍሌክሽን ስድስት ደረጃ ይሰጣሉ። ምን ሆነ፣ ምን ተሰማህ፣ ምኑ ጥሩ ምኑ መጥፎ ነበር፣ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ምን ማድረግ ይቻል ነበር፣ በሚቀጥለው ምን ታደርጋለህ። ጠቃሚ ነው። ችግሩ ስድስቱን እኩል እኩል አምስት አምስት መስመር እየሰጡ እንደ ፎርም መሙላቱ ነው። «ምን ሆነ» ሁለት መስመር ይበቃዋል፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ ነበረ። ጉልበታችሁን አራተኛው ላይ አውሉት፣ «ለምን» የሚለው ላይ። ለምን ነው ሁሌ መግቢያ የሚረዝምባችሁ? ምናልባት የምትሉትን እየጻፋችሁ ስለምታገኙት ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ መግቢያውን መጨረሻ ላይ መጻፍ ትችላላችሁ። ምክንያቱ ሲገለጥ እቅዱም አብሮ ይመጣል። «ለወደፊቱ መግቢያዬን አሻሽላለሁ» ግን እቅድ አይደለም።

ለውጣችሁን ስትመዝኑ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለውን አስታውሱ። ሁላችንም ለራሳችን ትልቁን እንቆርሳለን። መምህሩ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ወረቀት ይዟል፣ ስለዚህ «ጽሑፌ ሙሉ በሙሉ ተለወጠ» አትበሉ። የመጀመሪያውን ድርሰታችሁንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አስቀምጡና ከእያንዳንዱ አንድ አንቀጽ ድምፅ እያወጣችሁ አንብቡ። ትንፋሽ ያጠራችሁ የትኛው ላይ ነው? «ነው» «ነው» «ነው» እያለ የሚያልቀው የትኛው ነው? «እንዲሁም» እና «በተጨማሪም» የበዛው የትኛው ነው? ከዚያ አስተያየቶቹን ሁሉ ዘርጉና የሚደጋገመውን ፈልጉ። በሦስት የተለያዩ ድርሰቶች ላይ ሦስት የተለያዩ ሰዎች «ይሄ ማን ነው?» ካሏችሁ ያ የእናንተ ልማድ ነው፣ ሪፍሌክሽኑን በእሱ ዙሪያ ጻፉት። የቀረውን ተዉት። ሁሉን ለመናገር መሞከር ነው ጽሑፉን የሚያሳሳው።

የባሰበትንም ጻፉ። ይሄ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። የሁሉን አስተያየት ለማስደሰት ተብሎ አራት ጊዜ የተጻፈ አንቀጽ ሥርዓት ይይዝና ነፍሱ ይወጣል። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የነበረ አንድ ሕያው ዓረፍተ ነገር የት ሄደ? ካገኛችሁት መልሱት፣ መመለሳችሁንም ጻፉ።

ሌላው የሚረሳው እናንተ ለሰው የሰጣችሁት አስተያየት ነው። ሁሉም ሰው የተቀበለውን ብቻ ይጽፋል። ሉንድስትሮምና ቤከር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ ተማሪዎችን ከፍለው አንዱን ቡድን አስተያየት መስጠት ብቻ፣ ሌላውን ተቀብሎ ማስተካከል ብቻ አሠለጠኑ። በራሳቸው ጽሑፍ ላይ የበለጠ የተሻሻሉት ሰጪዎቹ ነበሩ፣ በተለይ ጀማሪዎቹ። አይገርምም። የሰው አንቀጽ ላይ ኃይለ ቃል ሲፈልግ የከረመ ሰው የራሱ ላይ ሲጠፋ ቶሎ ያየዋል። ስለዚህ ለጓደኞቻችሁ የጻፋችሁትንም አስተያየት ፎቶ አንሱ። በመጀመሪያው ወር «ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል» ትሉ ከነበረ፣ በመጨረሻው ወር «ይሄ ምሳሌ ከላይ ካልከው ጋር ይጣላል» ማለት ከጀመራችሁ፣ ለውጣችሁ እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል። ከራሳችሁ ድርሰት ይልቅ እዚያ ሊታይ ይችላል።

«የእኔ ትምህርት ሌላ ነው፣ ይሄ ምን ያደርግልኛል?» ለምትሉ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርትን የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ይዞ የመጣ ነው። ሲቢቲፒ፣ ማለትም ማኅበረሰቡ ውስጥ ለሚሰጠው ሥልጠና፣ ትወጣላችሁ፣ ቤት ለቤት መረጃ ትሰበስባላችሁ፣ የቡድን ሪፖርት ትጽፋላችሁ። ብዙውን ጊዜ አንድ ልጅ ይጽፈዋል፣ ሌላው ስሙን ያስገባል። እዚያ ላይ «ይሄን ክፍል አንብበህ ያገኘነው ችግር ምን እንደሆነ ሳታይ ንገረኝ» ብሎ መጠየቅ የቻለ ቡድን ሪፖርቱ ለመንደሩ ሰው ሲቀርብ አያፍርም።

ርዝመቱን መምህሩ ካልወሰነ ሁለት ገጽ ይበቃል። ሁለት ወይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ምረጡ፣ የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ስለ እነሱ ጻፉ። ረቂቆቹን ከኋላ አያይዙ። ምስጋና ካላችሁ አንድ መስመር ላይ አስቀምጡት፣ ባይኖርም ነጥብ አይቀንስም።

ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። ቃሉን በጥቅስ ያስገባችሁለትን ልጅ ጥሩትና ያንን ክፍል አስነብቡት። «ያልኩት ይሄን ነው?» ብሎ ካየ በኋላ፣ ስሙ ይጻፍ ወይስ «አንድ የክፍሌ ልጅ» ይባል እንደሆነ እሱ ይምረጥ። አንዳንዱ ስሙ ሲጻፍ ደስ ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ያለው ነገር መምህሩ ዘንድ መድረሱን አይፈልግም፣ በሚቀጥለውም እውነቱን እንዲነግራችሁ ከፈለጋችሁ ስሙን አትጻፉበት።